በስሜ የገባው ውሻ

«ሰኞ መጥተው ይወስዱታል» ስትል ሰማኋት። የወንድሜ ሚስት ገላኔ ቅዳሜ ማለዳ ሲያትል ካለችው እህቷ ጋር ታወራለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ የማድ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ታስቀምጠውና ሽንኩርት እየላጠች የቤቱን ጉድ ሁሉ ትዘረግፈዋለች። እኔ የምተኛው ከማድ ቤቱ በአንድ ስስ ግድግዳ በምትለይ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ባለባት መስኮት የለሽ ክፍል ነው። ስምንት ዓመት እዚያ ተኝቼ ስለ ራሴ ያልሰማሁት ነገር አልቀረም ብዬ ነበር። «ኤልክ ሪቨር አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ነው» አለች ገላኔ። «ቢሊሴስ?» አለች እህቷ። «ለእሷ የባሌ ጓደኛ ቃልቤሳ ቤት ምድር ቤቱን አግኝተንላታል። አዲሱ ቤት ውስጥ የት አስቀምጣታለሁ? እንዳታለቅስብኝ ሰኞ ሥራ ከሄደች በኋላ ነው ውሻውን የሚወስዱት። ዛሬ ብቻ ምስክርነቷን በደንብ ትስጥልኝ።» እህቷ ሳቀችና «ውሻውን በእሷ በሽታ አይደል እንዴ ያስገባችሁት?» አለቻት። «እሱማ ነው! መውደቋ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመን» አለች ገላኔ፤ ሁለቱም ተሳሳቁ። ቡሬ እግሬ ሥር ተኝቶ ነበር። ጆሮው ቆመ፤ እሱ የሰማው ግን የማቀዝቀዣውን በር ነው።

የምንኖረው ዌስት ሴንት ፖል፣ ከሮበርት ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ድመት ይፈቅዳል፣ ትንንሽ ውሻም ይፈቅዳል፤ ሃስኪ የሚባለው ትልቁ የበረዶ አገር ውሻ ግን ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ነው። ወንድሜ ረጋሳ ለልጁ ለሊና ልደት ከሥራ ባልደረባው የስምንት ሳምንት የሃስኪ ቡችላ ገዝቶ ሲመጣ ይህን አላነበበም። ገላኔ ግን ታነባለች፤ ወረቀት የሚባል ነገር አያመልጣትም። ሐኪም ቤት የምትተረጉምልኝ እሷ ስለሆነች፣ ቢሊሴ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ውሻው ለጤናዋ ያስፈልጋታል የሚል ደብዳቤ አጻፈች። እኔን «የኢንሹራንስ ነው፣ ሳይን አድርጊ» አለችኝ። ሳይን አደረግሁ። ከዚያ «ሰርቪስ ዶግ»፣ ማለት የሕመምተኛ ረዳት ውሻ፣ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ሰደርያ ከኢንተርኔት አዘዘችና ቡችላው ላይ አለበሰችው፤ ሰደርያው ሰፍቶት መሬት ይጠርግ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው።

ሊና ሰማያዊ ዓይኑን አይታ ስካይ አለችው፤ ሦስት ሳምንት አብራው ፎቶ ተነሣችና ሰለቻት። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ እኔ ቡሬ አልኩት። ቡችላ በየሁለት ሰዓቱ መውጣት አለበት፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አምስት በሚሆንበት ጃንዋሪ እሱ በረዶው ላይ ደስ ብሎት ይንከባለላል፣ እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። የሶፋውን ክንድ በላ። የረጋሳን የሥራ ጫማ አንድ እግሩን በላ፤ ሌላውን ተወው፣ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ብቻውን ከተውነው ከታች መኪና ማቆሚያው ድረስ እስኪሰማ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ያላዝናል። ማርች ሲመጣ ፀጉሩ በእፍኝ በእፍኝ ይነቀላል፤ ከምንጣፉ፣ ከአልጋ ልብሱ፣ ከወጡም ውስጥ እናወጣዋለን። ሞኝ አይደለም። የማቀዝቀዣውን በር መክፈት በሁለት ቀን ነው የተማረው። «ና» ስለው መምጣትን ለመማር ግን አምስት ወር ፈጀበት፤ የገባው በመጀመሪያው ቀን ነው፣ አልፈልግም ብሎ ነው። እኔ እወደዋለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ እኔን ሲያይ ፊቱ የሚፈካ ሌላ ማንም የለም።

ለመጨረሻ ጊዜ የወደቅሁት ጃንዋሪ ውስጥ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ። ስነቃ ቡሬ ጎኔ ተጋድሞ የግራ እግሬን ጫማ እየበላ ነበር። የሳሎኑ በር ተዘግቷል። እንግዳ ስለነበራቸው የዘጋችው ገላኔ ነች። አጠገቤ የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ጫማዬን መብላቱን አልተቀየምኩትም።

ምስክርነት የተባለው ደግሞ ይሄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአዲስ ዓመቱ የጾም ጸሎት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ወደቅሁ። በዚያ ሰዓት ሲጸለይላቸው የሚወድቁ ብዙ ናቸው፤ እህቶች ጨርቅ እያለበሱ ያልፏቸዋል። እኔንም አለበሱኝ። ምላሴን ነክሼ ደም እንደዋጥኩ ማንም አላየም። በሚቀጥለው እሑድ ቤት ተኝቼ ሳለ ገላኔ መድረክ ላይ ወጥታ «የባለቤቴ እህት ከልጅነቷ ይጥላት ከነበረው በሽታ በዚያች ሌሊት ነፃ ወጣች፤ እኔ ራሴ ይዤ ስጸልይላት ነበር» ብላ መሰከረች። ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ የጸሎት ቡድን መሪ ሆነች። በጸሎት የሚድን ሰው የለም አላልኩም፤ እኔ አልዳንኩም ነው ያልኩት። ያልኩትም ለእሷ ብቻ ነው። «ዝም በይ፣ የሰው እምነት ታሰናክያለሽ» አለችኝ። ኪኒኔን ሰው ባለበት አልውጥም። መኪና ለምን አትነጂም ሲሉኝ ፈሪ ነኝ እላለሁ። ስምንት ዓመት አሜሪካ ኖራ ላይሰንስ የሌላት ብለው ሲቀልዱብኝ አብሬ እስቃለሁ። እንግዲህ ለቤተ ክርስቲያኑ ድኛለሁ፣ ለአፓርትመንቱ ቢሮ ታምሜአለሁ። ያን ዕለት ማለዳ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቃቸውን ስሰማ ጠላኋት። ከዚያ በፊት ተቀይሜያት፣ ታዝቤያት አውቃለሁ፤ ጥላቻ ግን ሌላ ነው፣ ሰውነቴን ሁሉ አሞቀው።

ቡሬን ይዤ ስወርድ ናፍያድ በረዶው እንዲሟሟ ደረጃው ላይ ጨው ይበትናል። የሕንፃውን ጥገና ይሠራል፣ ቢሮውንም ያግዛል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም። ሲያየን አካፋውን አቆመና ቡሬን አንገቱ ሥር አከከው። «አንቺን ነው የምፈልገው» አለኝ። «ገላኔ ከሦስት ሳምንት በፊት የውሻውን ወረቀት ሪኒው አድርጋ ነበር። ጃንዋሪ ላይ ወድቃለች፣ ያለ ውሻው መኖር አትችልም ብላ ጽፋለች። ማኔጀሯ የሚቀር ነገር አለ ብላኛለች፤ ሕመሙ አሁንም እንዳለና የውሻው ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቄ ማስፈረም አለብኝ። ለቤት መግዣ ብድራቸው ለባንኩ የምትጽፍላቸው የተከራይነት ደብዳቤም ከዚሁ ፋይል ጋር ነው የሚወጣው፤ ረጋሳ ቶሎ በሉልኝ ብሎኛል።» ጃንዋሪ ላይ ወድቃለች። በሩን ዘግታ የተወችኝን ቀን ጽፋዋለች። ምን እንደማደርግ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልፈጀብኝም። «ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀቱን ይዘህ ቤት ና» አልኩት። «ቤት ሊገዙ ስለሆነ የምስጋና ጸሎት አለ፣ ሳምቡሳም አለ። ገላኔ ራሷ ሰው ሁሉ ባለበት ትመልስልሃለች።» ደስ አለው፤ ቅዳሜ ለሳምቡሳ የሚጠራው ሰው የለም መሰለኝ።

ከጆአን ጋር የያዝነው ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጆአን እናቷ እኔ ልብስ የማጥብበት የአረጋውያን ቤት ነዋሪ ናቸው፤ እሷ ሃያ ዓመት ለሕሙማን ውሻ ስታሠለጥን የኖረች ሴትዮ ነች። የቡሬን ፎቶ አሳይቻት በነፃ ልየው ብላኝ ነበር። የተገናኘነው ሮበርት ጎዳና ላይ ካለው ውሻ ከሚያስገባው ትልቅ የግንባታ ዕቃ መደብር በር ላይ ነው። በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቡሬ ፈተናውን ካለፈ እውነተኛ ሰርቪስ ዶግ ነው፣ ማንም አሳልፎ ሊሰጠው አይችልም። ጆአን ፈተናው ምን እንደሆነ ቀስ እያለች በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ ሳይጎትት በበሩ ይገባል፣ ጋሪ ሲያልፍ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ድንገተኛ ድምፅ አያስደነግጠውም፣ መሬት ላይ የወደቀ ምግብ አይነካም፣ እኔ ከዓይኑ ስሰወር ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆያል። መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ጣሳ ጥላ ስታንኳኳ ቡሬ ዞር ብሎ አላያትም። የማያውቁት ልጆች ጆሮውን ሲጎትቱት ተጋደመላቸው። ቋሊማ ስትጥል ግን ቋሊማው መሬት ሳይነካ ዋጠው። ከዓይኑ ስሰወር አንገቱን ሰቅሎ አላዘነ፤ ቀለም የሚገዙ ሰዎች ሁሉ መጡ። የችግኙ ክፍል ስንደርስ ደግሞ ጣሪያው ብረት ላይ አንዲት ድንቢጥ ተቀምጣ ነበር። ማሰሪያው እጄን ላጠው። ተንሸራትቼ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ እሱ ሁለት ከረጢት አፈር ገልብጦ ድንቢጧ ሥር ቆሞ ወደ ላይ እያየ ያለቅሳል።

ጆአን ደግፋ አነሣችኝ፤ አልተቆጣችም። አልጋ የሚመስል ጋሪ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ጥሩ ውሻ ነው፣ ጥሩ አድርገሽ ነው ያሳደግሽው» አለችኝ። «ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ሃስኪ ከባድ ነገር እየጎተተ ቀኑን ሙሉ እንዲሮጥ ነው የተወለደው፤ የሚሠራውም ሥራው ደስ ሲለው ነው። አንቺ መንገድ ላይ ብትወድቂ አጠገብሽ የሚቆም ውሻ ነው የሚያስፈልግሽ። ይሄ ወፍ ካየ ይሄዳል።» አይሄድም ልላት ፈለግሁ፤ ጉልበቴ ግን እየደማ ነበር። ከዚያ ሰደርያውን በጣቷ ነክታ «ይሄን አውልቂለት። ሱቅ ውስጥ ይዘሽው አትግቢ፣ የእውነተኞቹን ሥራ ያበላሻል» አለች። «ቤት ውስጥ ግን የሐኪሙ ደብዳቤ ይበቃሻል። ደብዳቤው የአንቺ ነው፤ በሽታው የአንቺ፣ ውሻውም የአንቺ እስከሆነ ድረስ የትም ብትከራዪ ይዘሽው ትሄጃለሽ።» የአንቺ እስከሆነ ድረስ። ኤልክ ሪቨር ያለው ሰፊ ግቢ ለእሱ ይሻለው እንደሆነም ጠየቅኳት፤ ሐቀኛ ሴት ስለሆነች «ሊሆን ይችላል» አለች። ያን መልስ አልወደድኩትም። ለውሻው ብዬ ብቻ ነው የማደርገው ብዬ ራሴን ላታልል አልችልም፤ በከፊል ለእሱ ነው፣ በከፊል ደግሞ ገላኔ ምንም ነገር እንዳትወስድብኝ ነው። የትኛው እንደሚበዛ ያን ቀን አልመዘንኩትም።

ረጋሳ በመኪና መጥቶ ወሰደን። ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያስተማረኝ፣ ወደዚህ አገር ያመጣኝም እሱ ነው። ያን ውለታ አልክድም። ቡሬ ከኋላ ወንበር አንገቱን በመሃላችን አስገብቶ የረጋሳን ጆሮ ላሰው። «ሰኞ ምን አለ?» አልኩት። «ሰኞ? ሥራ ነዋ» አለና ጆሮውን በእጅጌው ጠረገ። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ በኋላም አልተንቀሳቀሰም፤ ከኋላ ጡሩንባ ነፉብን። ትንሽ ሄደንም «ምን ልግዛልሽ? ዶናት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ተረዳሁ። እሱ ባያውቅ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር፤ ለእሱ ስል ብዙ ነገር ትቻለሁ። «አልፈልግም» አልኩት። 

ገላኔ ሳሎኑን አሳምራዋለች። ወንበር ከጎረቤት አስመጥታለች፣ የሶፋውን የተበላ ክንድ በነጭ ጨርቅ ሸፍናዋለች፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትሪ ሳምቡሳና ዳቦ ደርድራለች። «ውሻውን ባኞ ቤት ዝጊበት» አለችኝ። «አንቺ ያን ሰማያዊ ቀሚስ ልበሺ። አጭር አድርጊው፤ ታምሜ ነበር፣ ተጸለየልኝ፣ ዳንኩ፣ በቃ። የፓስተሩ ባለቤት ዛሬ ካንቺ አፍ መስማት ትፈልጋለች። የጃንዋሪውን አታንሺ።» «እሺ» አልኳት። «ጉልበትሽን ምን ነካው?» አለች። «ቡሬ ጎትቶ ጣለኝ።» «ይሄ ውሻ!» አለችና ወደ ሳምቡሳዋ ተመለሰች። ቀሚሱን ለበስኩ። ፀጉሬን አበጠርኩ።  መስታወቱ ውስጥ ሳየው ፊቴ ደስ ያለው ሰው ፊት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። የፓስተሩ ባለቤት እህት የትምወርቅ ከሶፋው መሃል ተቀመጡ፤ ረጋ ያሉ፣ ነገር የሚያዳምጡ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጎን ጆሯቸው የደከመው እማማ ሲንቄ፣ ከዚያ የጸሎት ቡድኑ አራት ሴቶች። ረጋሳ በረንዳው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሊና ክፍሏን ዘግታለች። መዝሙር ሲጀመር ቡሬ ባኞ ቤት ውስጥ ሆኖ አላዘነ፤ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እሱም ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ሲሉ ዝቅ ይላል። እማማ ሲንቄ በደስታ ወደኔ ጎንበስ ብለው «ይሄ ድምፁ የሚያምረው ማነው?» አሉኝ። አንዷ ሴት ሳቋን በእጇ አፈነች። ገላኔ በዓይኗ ገደለችኝ። መዝሙሩ እንዳለቀ ናፍያድ አንኳኳ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሰማያዊ ፎልደር ብብቱ ሥር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ሰጠና ጥግ ላይ ቁጭ አለ። ገላኔ አንዴ እሱን አንዴ ረጋሳን አየች። ረጋሳ ትከሻውን ሰበቀ።

«እንግዲህ ቢሊሴ» አለች ገላኔ በመድረክ ድምጿ። «ጌታ ያደረገልሽን ለእህት የትምወርቅ ንገሪያቸው።» ተነሣሁ። መጀመሪያ ሄጄ የባኞ ቤቱን በር ከፈትኩ። ቀዩን ሰደርያ ቡሬ ላይ አለበስኩት፤ ጆአን ይቅር ትበለኝ፣ ለዛሬ ብቻ ነው። ይዤው ሳሎን ስገባ ሴቶቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። «የምመሰክረው ትንሽ ነው» አልኩ። «ከዚያ በፊት ግን ወንድም ናፍያድ ከአፓርትመንቱ ቢሮ ገላኔን የሚጠይቃት ነገር ይዞ መጥቷል። እሱ ሥራ ላይ ነው፣ አናቆየው።» ናፍያድ ደነገጠ። «ኧረ ጸሎቱ ይለቅ፣ እኔ እጠብቃለሁ።» «አይ፣ አሁን ጠይቃት» አልኩት። እህት የትምወርቅም «ጠይቃት ልጄ፣ ችግር የለም» አሉት። ምስኪን ናፍያድ፣ ምን ውስጥ እንደገባ አላወቀም። ፎልደሩን ከፈተ። «ስለ ውሻው ወረቀት ነው። ቢሊሴን የሚጥላት በሽታ አሁንም እንዳለ፣ ጃንዋሪ ላይም ወድቃ እንደነበረ ጽፈሻል። ማኔጀሯ እንደዚያው መሆኑን አንዴ አረጋግጥና አስፈርማት ብላኛለች። አሁንም ያማታል አይደል?»

 አንዷ ሴት የያዘችውን ሳምቡሳ ሳትነክሰው ሳህኑ ላይ መለሰችው። እህት የትምወርቅ ገላኔን ቀና ብለው አዩ። ድናለች ብትል ቢሮውን ዋሽታለች፤ ለባንኩ የሚሄደው ደብዳቤ ናፍያድ እጅ ላይ ነው፣ አዲሱ ቤትም እዚያ ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥሏል። ታማለች ብትል መድረኩን ዋሽታለች። እያንዳንዱን ነገር ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ እያየሁም አልቸኮልኩም። «ናፍያድ፣ ውጪ ወጥተን እንነጋገር» አለች። «ውጪ ብርድ ነው» አልኩ። «ቢሊሴ ራሷ ትናገር እንግዲህ፣ የራሷ ጤና ነው» አለች። «እኔ ወረቀት አላውቅም» አልኳት። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ የመሰከርሽውም አንቺ ነሽ። ድናለች ካልሽም እሺ፣ ታማለች ካልሽም እሺ። እዚህ ሁሉም ፊት አንዱን ንገሪያቸው።» ወደ ወንድሜ ዞረች። ረጋሳ ምንጣፉን ያያል። ሲያየው ቆየ፤ በመጨረሻ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«ያማታል» አለች ገላኔ።

ናፍያድ ጻፈ። «የውሻው ባለቤትስ? እዚህ ጋ ስም ይፈልጋሉ።» «የእሷ ነው» አለች። «የቢሊሴ ብዬ ልጻፍ?» «የቢሊሴ በል።» እማማ ሲንቄ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አለች?» አሉ።  «እማማ አልሰሙም» አልኩ። «ድገሚላቸው።» ገላኔ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ልመና ነበረ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይበቃኝ ነበር። «ድገሚላቸው፣ ገላኔ። ከፍ አድርጊው።» «ቢሊሴ አልዳነችም፣ አሁንም ያማታል፤ ውሻውም የቢሊሴ ነው!» ብላ ጮኸችላቸው። እማማ ሲንቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስክሪብቶውን ከናፍያድ ተቀብዬ ሰጠኋት፤ ፈረመች። ቡሬ በዚህ መሃል ሁለት እግሩን ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ፣ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ከትሪው ሳምቡሳ በላ። የከለከለው የለም።

ናፍያድ ጫማውን በትክክል ሳያስር ወጣ። እህት የትምወርቅ «ገላኔ፣ ሰኞ ፓስተሩ ይፈልጉሻል፤ ነገሩን ከእሳቸው ጋር እናየዋለን» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ ገላኔ ግን ቁጣው ይሻላት እንደነበር አንገቷን ስትደፋ አስተዋልኩ። እኔ ሻይ ቀዳሁ። ትሪውን ይዤ ወደ ሶፋው ስሄድ አጠገቤ የነበረችው ሴት ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። «ጠጥተናል፣ ተባረኪ» አለችኝ። ማንም ገና አልጠጣም ነበር። ቀጣይዋም ጠጥቻለሁ አለች። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከነካው ስኒ መጠጣት ይፈራሉ። ይህ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ በሽታዬን የደበቅሁትም ለዚህ ነው። አውቄውም አመመኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም አመመኝ። እማማ ሲንቄ ብቻ ስኒውን ተቀብለው «ስኳር ጨምሪልኝ» አሉ። ጨመርኩላቸው። ከዚያ የቀረውን ስኒ ይዤ ገላኔ ፊት ቆምኩ። «እኔም ጠጥቻለሁ» አለች። «አልጠጣሽም» አልኳት። ረጋሳ ከበርጩማው ላይ «ቢሊሴ፣ ይበቃል» አለ። በቀኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን የጠራው ያኔ ነው። ወደ እሱ አልዞርኩም። ሴቶቹ ሁሉ ወይ ስኒውን ወይ እጄን ያያሉ። ስኒውን ጣቶቿ መሃል አስገባሁላትና እስክትጠጣው ድረስ እዚያው ቆምኩ። ትኩስ ነበር። ጠጣችው።